ለጎጃም መንገድ ትልቁ ባትሪ አይበጅም

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ካስታወቀ ወዲህ ክርክሩ «ቤንዚን ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?» ከሚለው ጥያቄ አልፎ አልሄደም። አንዱ ኤሌክትሪክ ንጹሕ ነው ይላል፤ ሌላው ባትሪው ሲመረት የሚወጣው ጭስ ከቤንዚኑ ይብሳል ብሎ ይሞግታል። ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስ፣ ለቡሬና ለእንጅባራ ነዋሪ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ መጠን) ይይዛል? በእሱስ ስንት ሰው ይጓጓዛል?

ሒሳቡን እንሥራው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሊቲየም ባትሪ፣ ከማዕድን ቁፋሮው ጀምሮ ከፋብሪካ እስኪወጣ፣ በግምት ከ60 እስከ 100 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። 75ን እንያዝ። እንደ ቢዋይዲ ሲጋል ያለች ትንሽ መኪና የምትይዘው 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትነዳ በባትሪዋ ብቻ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ የካርቦን ዕዳ አለባት። 80 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ትልቅ የቤተሰብ መኪና 6 ቶን አለበት። በሌላ በኩል አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ይለቃል፤ በ100 ኪ.ሜ. 8 ሊትር የምትጠጣ አሮጌ ኮሮላ 18.4 ኪሎ ታወጣለች ማለት ነው። እንግዲህ ትንሿ ኤሌክትሪክ ዕዳዋን የምትከፍለው 16 ሺህ ኪ.ሜ. ገደማ ስትሄድ ነው፤ ትልቁ ከ32 ሺህ በላይ መሄድ ይኖርበታል።

ይህ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ከውሃ ሲመነጭ ነው። ኤሌክትሪክ በድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር አንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ስለሚያስወጣ፣ በ100 ኪ.ሜ. 17 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስድ መኪና ከኮሮላዋ ብዙም አይለይም፤ የባትሪውም ዕዳ ሳይከፈል ይቀራል። የውጭ አገር ቪዲዮ እያየ «ኤሌክትሪክ መኪና ማታለያ ነው» የሚል ሰው የሚደግመው የዚያን አገር ሒሳብ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የውሃ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም ይህንኑ አጠናከረው።

የውሃ ኃይል ግን ነጻ ስጦታ አይደለም፤ ይህን ከጎጃም ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። የጢስ ዓባይ ሁለተኛው ጣቢያ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ፏፏቴው ሳሳ። 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውሃውን ከጣና በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል፤ ያ ውሃ በጢስ ዓባይ በኩል አያልፍም። ከበለስ የመጣን ኃይል 2.5 ቶን በሚመዝን መኪና አንድ ሰው ለማመላለስ ማዋል እንግዲህ ከጣና ላይ የሚነሳ ወጪ አለው።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይሽጥና ኤሌክትሪክ ይግዛ? በዓመት 3 ሺህ ኪ.ሜ. ብቻ የሚነዳ ከሆነ (ሰንበት ቤተ ክርስቲያን፣ አልፎ አልፎ ለቅሶና ሠርግ) በዓመት የሚያወጣው 550 ኪሎ ያህል ነው። ትንሿን ኤሌክትሪክ ቢገዛ የባትሪዋን ዕዳ ብቻ ለመክፈል ከ5 ዓመት በላይ፣ ትልቁን ቢገዛ 11 ዓመት ይፈጅበታል። አካሉ፣ ብረቱ፣ ጎማው ገና አልተቆጠረም። እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው አሮጌዋን መኪና አየር ማጣሪያዋንና ካንዴላዋን በጊዜው እየቀየረ፣ የጎማዋን ንፋስ እያስለካ መያዝ ነው። በቀን 60 እና 70 ኪ.ሜ. ለሚነዳ ግን መልሱ ይገለበጣል፤ ትንሿን ኤሌክትሪክ ቢገዛ ዓመት ሳይሞላ ዕዳዋን ከፍላ ትጨርሳለች።

ረጅም መንገድ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ህዳሴ ድልድይ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው ዳገትም ከዚያ አያንስም። ከነተሳፋሪዎቿ 1,500 ኪሎ የምትመዝን ትንሿ መኪና ዳገቱን ለመውጣት ብቻ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ከባትሪዋ ትወስዳለች፤ የጎማው ግጭትና ንፋሱ ሲታከል 8 ይደርሳል፤ ይህ የባትሪዋ አንድ አምስተኛ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይመልሳል። ብዙ ሾፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ይወርዳል። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም፤ ሞተሩ መያዙን ያቆምና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዝ ያቅተዋል። ከ85 በመቶ ሳያልፉ መውረድ፣ ኃይል መመለሻውን ከፍተኛው ደረጃ ላይ ማድረግ፣ ፍሬንን ደግሞ ለድንገተኛ ማስቀረት ነው። ከደብረ ማርቆስ ሞልቶ የተነሳ ሰው ችግር የለበትም፤ እስከ ደጀን ያለው 70 ኪ.ሜ. ራሱ ያጎድለዋል።

ሻጩ ትንሿ መኪና አንዴ ተሞልታ ትሄዳለች የሚለው 405 ኪ.ሜ. በቻይና መለኪያ የተገኘ ነው፤ በእኛ መንገድ ከ250 እስከ 280 ብሎ መያዝ ይበጃል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪ.ሜ. ነው። ብዙ ሰው ወደ ትልቁ ባትሪ የሚገፋውም ይህ ነው፤ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለሚሄድበት መንገድ ሲል ዓመቱን ሙሉ ግማሽ ቶን ባትሪ ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። ለእነዚያ ጥቂት ጉዞዎች አውቶቡስ አለ። 60 ሰው የሞላ የናፍጣ አውቶቡስ በ100 ኪ.ሜ. 35 ሊትር ቢያቃጥል እንኳ ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው 1.6 ኪሎ ካርቦን ገደማ ነው፤ ብቻውን በኮሮላ የሚሄድ 18.4።

ቤት ውስጥ ስለ መሙላት ጥቂት ነገር መባል አለበት፤ ጉዳት የሚመጣው በአብዛኛው ከመኪናው ሳይሆን ከግድግዳው ነው። በተራ ሶኬት፣ በ10 አምፒር፣ 2.2 ኪሎዋት ብቻ ስለሚገባ 39 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 18 ሰዓት ይወስዳል። ሰው ይህን ሲያይ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ያስገባል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ያ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ የተጣዱ ሁለት ምጣዶች ማለት ነው፤ በየሠፈሩ አምስትና ስድስት ሰው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቢሰካ ቮልቱ ወርዶ የሁሉም ቻርጀር ይቆማል፣ የጎረቤትም ፍሪጅ ይቃጠላል። የሚበቃው 16 አምፒር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሰካ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል፤ ይህ ከ150 ኪ.ሜ. በላይ ያስኬዳል። መስመሩ ከቆጣሪው ለብቻው ይውጣ፤ ሽቦው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ፣ ብሬከሩ 20 አምፒር፣ ከሱ ጋር ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ (RCD) ይኑረው። የመሬት መስመር ከሌለ አብዛኛው ቻርጀር መጀመሪያውኑ እንቢ ይላል፤ «ማታለያ» ሽቦ አድርጎ የሚያስጀምር ኤሌክትሪሻን ከመጣ ከደጅ መመለስ ነው። ተጠቅልሎ ያለ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ደግሞ እሳት ነው።

መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሞላም አለ። ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል፤ ለ100 ኪ.ሜ. ወደ 6 ሊትር ማለት ነው። ናፍጣ በሊትር ከቤንዚን የበለጠ ካርቦን ስላለው፣ ኮሮላዋን ማስነሳቱ ብዙም አይከፋም ነበር።

ዋናው ጉዳይ ባጃጅ ነው። በጎጃም ከተሞች ሰውን ከቤት ወደ ገበያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ሠፈር የሚያደርሰው እሱ ነው፤ መንገድ ሲዘጋና ቤንዚን በሃይላንድ ሲቸበቸብ መጀመሪያ የሚቆመውም እሱ ነው። የቤንዚን ባጃጅ በ100 ኪ.ሜ. 3 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ 7 ኪሎ ካርቦን። የኤሌክትሪኩ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። የ6 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ዕዳው 450 ኪሎ ነው፤ በቀን 80 ኪ.ሜ. የሚሠራ ባጃጅ በሦስት ወር ውስጥ ከፍሎ ይጨርሰዋል። ትልቁ የቤት መኪና በዓመት 10 ሺህ ኪ.ሜ. ቢነዳ ከሦስት ዓመት በላይ ይጠብቃል። በአንድ 80 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ደግሞ 13 ባጃጅ ይሠራል።

ግን የትኛው ባትሪ? ርካሹ የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚመጣው በሊድ አሲድ (በእርሳስና በአሲድ በሚሠራ) ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት አምስት ባትሪ በተከታታይ ይታሰራል፤ 60 ቮልት። ክብደቱ 150 ኪሎ ገደማ ሲሆን ከግማሹ በላይ እርሳስ ነው። ወረቀቱ ላይ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይባል እንጂ ከግማሽ በታች ሲወርድ ስለሚጎዳ በጤናው የሚገኘው 3 ብቻ ነው፤ 50 ኪ.ሜ.። ሾፌሩ ደግሞ ገቢ አለበትና እስኪቆም ይነዳዋል። ባዶውን ያደረ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርበታል፤ ያ ጨው ሲጠጥር ተመልሶ አይሟሟም። ከአምስቱ አንዱ ሲደክም አራቱን ይጎትታል፤ ጋራዡ አንዱን ብቻ በአዲስ ይተካል፤ አዲሱም ከአሮጌዎቹ ጋር ታስሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ያረጃል። በየቀኑ ለሚሠራ ባጃጅ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ነው ዕድሜው።

ከዚያስ? ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። አሲዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ እርሳሱ ሜዳ ላይ ይቀልጣል። የእርሳስ ጭስና ብናኝ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ባሕር ዳር ላይ ቦዩ የሚወርደው ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ነው፤ እምቦጭ አልበቃ ያለ ይመስል። ከቤንዚን ጭስ ወደ እርሳስ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት እርሳስም ኮባልትም የለበትም፤ ክብደቱ ከ60 ኪሎ ብዙ አይበልጥም፤ ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ ይሞላል፤ በየቀኑ ቢሞላ ከ5 ዓመት በላይ ነው። ሲገዛ ይወደዳል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ግን ሊድ አሲዱ ሦስት አራት ጊዜ ይቀየራል። የሊድ አሲዱን ቻርጀር ግን ሊቲየሙ ላይ መሰካት አይቻልም፤ አብሮ የመጣው ብቻ ነው።

ብስክሌት ደግሞ አለ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም ድሮ የለመደች ከተማ ናት፤ ለዚህ የሚያስፈልጋት ባትሪ ሳይሆን ከባጃጅ የተለየ መስመርና ጠባቂ ያለው ማቆሚያ ነው። ደብረ ማርቆስ ዳገት ስላለባት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያዋጣታል።

በ2014 ዓ.ም. የወጣው የታክስ ማበረታቻ የጉምሩክ ቀረጡን የለየው በመገጣጠም ደረጃ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ። በኪሎዋት ሰዓት ቢለይ ይሻል ነበር። ከ10 በታች የሆነ ሁሉ ነጻ ይግባ፤ ከ60 በላይ የሆነ ሙሉውን ይክፈል። ከተሞቹ በበኩላቸው ለባጃጆች የጋራ መሙያ ግቢ ያዘጋጁ፤ 20 ባጃጅ እያንዳንዱ በ1.2 ኪሎዋት ቢሰካ 24 ኪሎዋት ነው፤ አንድ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይችለዋል። የሊድ አሲድ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅም ሲሸጥ መያዣ ገንዘብ ይቀበል፣ አሮጌው ሲመለስለት ይመልስ። መያዣው ግን ቆራሌው ከሚከፍለው መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ባትሪው የሚሄደው ወደ ቆራሌው ነው።