ከፎቅ የወደቀው ሠራተኛ መጀመሪያ የወደቀው ጨረታው ላይ ነው

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በሰሜን ሸዋ አረርቲ ከተማ በግንባታ ላይ ባለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰው ሞተ፤ የተጎዳውም ከ200 በላይ ነበር። አደጋው የደረሰው የንግሥ በዓሉን ሊያከብሩ በመጡ ምእመናን ላይ ነው። ርብራቡ ግን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ልሳኙ፣ ቀለም ቀቢው፣ ግንበኛው በየቀኑ የሚወጣበት ያው የባሕር ዛፍ አጠናና ሚስማር ነው። ልዩነቱ ሠራተኞቹ በአንዴ አለመውደቃቸው ነው፤ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚወድቁት። አንድ ሰው ሲወድቅ ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ሥራው ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል።

ቀኑ ደርሶ አይደለም። የሚሆነው ነገር አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል ነው።

ባሕር ዛፍ በራሱ መጥፎ እንጨት አይደለም። ነገር ግን እርጥቡን ተገዝቶ በማግስቱ ይቆማል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ በእርጥብነቱ የተመታው ሚስማርም ይላላል። ሚስማር በጎን የመጣበትን ጫና ይችላል፤ በገባበት አቅጣጫ ሲስቡት ግን በቀላሉ ይነቀላል። ስለዚህ ሰው የሚቆምበት አግዳሚ በሚስማር ብቻ ከተንጠለጠለ ርብራቡ ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል፤ አግዳሚው ከሥሩ ደገፍ የሚያደርገው ቁራጭ እንጨትና በጥቁር ሽቦ የጠበቀ እስር ያስፈልገዋል። ከዚህ የሚብሰው የሰያፉ፣ ማለትም ቋሚዎቹን ዘንበል ብሎ የሚያያይዘው እንጨት፣ ጉዳይ ነው። ቋሚ እንጨት የሚሸከመው በውፍረቱ ብቻ አይደለም። መሐል ላይ ሳይያዝ የቀረው ርዝመት እጥፍ ሲሆን አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለካሪዮላ (ለእጅ ጋሪ) መተላለፊያ ተብሎ አንድ ሰያፍና አንድ ማሰሪያ ሲነሳ «አንድ ሁለት እንጨት ምን አላት» ይባላል፤ የተነሳው ግን የዚያ ቋሚ ሦስት አራተኛ ጉልበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ብሎኬት ይደረደርበታል። አንዱ ብሎኬት 15 ኪሎ ቢባል እንኳ 60ው ዘጠኝ ኩንታል ነው፤ ግንበኞቹና የሞርታሩ ባልዲ ገና አልተቆጠሩም።

ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ሲሞላ ሸክሙ ሌላ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው 100 ካሬ ሶሌታ 15 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል፤ ይህም ወደ 36 ቶን ማለት ነው። አርማታው እስኪጠነክር ድረስ ሁሉም ያረፈው ከሥር ደግፎ በሚይዘው ቋሚ፣ በፑንቴሎው ላይ ነው። ፑንቴሎው የቆመበት ልቅ አፈር ከሆነና ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ካልተደረገለት፣ አንዱ አምስት ሳንቲ ሲሰምጥ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ መደርመስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሌላው ጥፋት ጥድፊያ ነው። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በሳምንቱ፣ ያውም ውኃ በደንብ ሲጠጣ፣ የሚደርሰው ከሁለት ሦስተኛው አካባቢ ነው። ፎርምወርኩ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ለላይኛው ወለል ስለተፈለገ ብቻ ፑንቴሎ ሲነቀል፣ ገና ያልጠነከረው ሶሌታ የራሱንም ከላዩ የሚፈሰውንም እንዲሸከም እየተጠየቀ ነው።

«ሴፍቲ ቤልት ሰጥተናል» የሚሉ አሠሪዎች አሉ። ከ10 ሜትር የወደቀ ሰው ከአንድ ሰከንድ ተኩል ባነሰ ጊዜ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሬት ይመታል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ቀበቶ ይህን ሲይዝ የሚቀጣው ሆድንና አከርካሪን ነው፤ አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1998 መጀመሪያ ጀምሮ የወደቀን ሰው ለመያዝ እንዳይውል ከልክላዋለች። ትከሻና ጭን የሚይዘው ሙሉ ማሰሪያም ቢሆን ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ለአንድ ሰው ከሁለት ቶን በላይ መቻል አለበት። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው እዚያው አጠናው ላይ ነው፤ ርብራቡ ሲወድቅ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። 1.8 ሜትር ገመድ፣ ሰው ሲወድቅ ከሚለጠጠው ክፍሉ ጋር፣ ደግሞ ከታሰረበት ቦታ በታች ከአምስት ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ሠራተኛ ገመዱ ሳይይዘው መሬት ሊደርስ ይችላል። ከቀበቶው በፊት የሚመጣው የሶሌታው ጠርዝ አጥር ነው፦ 1.1 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አግዳሚ፣ መሐል ላይ አንድ፣ ከእግር ሥር ዕቃ የሚያግድ ሳንቃ። የሊፍት ቀዳዳና ደረጃውም እንደዚያው።

ጉድጓድ ዝም ብሎ የሚገድል ነው። ዋልካ አፈር በበጋ ሲቆፈር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰውም ያምነዋል። ስንጥቁ ውስጥ የክረምት ውኃ ሲገባ ግን እንደ ሳንቃ ተላጦ ይወድቃል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ15 ኩንታል በላይ ነው፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጪ ሆኖም መተንፈስ ያቅተዋል። ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ቁፋሮ ግድግዳው መደገፍ ወይም ተዳፋት መደረግ፣ የወጣው አፈር ቢያንስ 60 ሳንቲ ከአፋፉ መራቅ፣ መሰላልም ቅርብ መሆን አለበት። ጓደኛውን ሊያወጣ ዘሎ የገባው ሁለተኛው ሟች የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው።

አሁን ወደ አኃዙ። አሜሪካ ውስጥ በእ.ኤ.አ. 2022 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ 22 ሠራተኞች በጉድጓድ መደርመስ ሞቱ፤ በ2021 ዓመቱን ሙሉ 15 ነበሩ። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በሐምሌ ቁጥጥሩን አጠበቀ፤ ተቆጣጣሪ በመንገዱ ያየው ቁፋሮ ሁሉ ጋ እንዲቆም ተደረገ። በ2022 በድምሩ 39 የነበረው ሟች በ2023 ወደ 15 ወረደ። በዚያው በ2023 ግን በአጠቃላይ የግንባታ ዘርፉ 1,075 ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከ2011 ወዲህ ከፍተኛው ነው፣ ከአሥሩ አራቱ የሚጠጉት በመውደቅና በመንሸራተት። አንድ አገር፣ አንድ ዘርፍ፣ አንድ ዓመት፤ የቀነሰው ተቆጣጣሪ ዓይኑን የተከለበት ነው። ሠላሳ ዘጠኙ ሁሉ «ቀናቸው ደርሶ» ከነበረ በማግሥቱ ዓመት እንዴት 15 ሆኑ?

እኛ ጋ ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውን እንዲያስረዳ፣ የደረሰውን አደጋም መዝግቦ ለቁጥጥር አገልግሎቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ካሣም የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው፤ በቀን 600 ብር፣ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው 936,000 ብር ይመጣል። ይህን ገንዘብ የሚያስጥለው ወረቀት አለመኖሩ ነው። ሥራው ከዋናው ተቋራጭ ወደ ሰብ ኮንትራክተር፣ ከዚያ በእጅ ዋጋ (ጉልበት ብቻ አቅርቦ) ለያዘው ሰው ይወርዳል፤ የቀን ሠራተኛው ስም ያለው በታይም ኪፐሩ ደብተር ላይ ብቻ ነው፣ ደብተሩም ይጠፋል።

ዋናው ብልሽት ግን ከዚያ በፊት ነው። ደኅንነት ብዙ ጊዜ በቢኦኪው (በሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ የራሱ መስመርና ዋጋ የለውም፤ «ተቋራጩ ይሸፍናል» ተብሎ በአጠቃላይ ወጪ ውስጥ ይቀበራል። ጨረታ በዝቅተኛ ዋጋ ሲታይ ርብራቡን በአግባቡ ያሰበው ይሸነፋል፣ ያላሰበው ያሸንፋል። የጠርዝ አጥር በሜትር፣ ስካፎልዲንግ በካሬ፣ የቁፋሮ ድጋፍ በካሬ ተለክቶ ለሁሉም ተጫራች እኩል ዋጋ ቢቀመጥለትና በየክፍያ ሰርተፍኬቱ በተለካው ልክ ቢከፈል፣ ደኅንነትን የዘለለ ተቋራጭ የሚያጣው ገንዘብ ይኖራል። የብረቱ ስካፎልዲንግ ውድ ነው የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ አጠናን በአንድ ጀምበር መከልከልም ሰውን ወደባሰ ነገር ይገፋል። ከሁለት ፎቅ በላይ ግን አጠና አይቁም፤ ከዚያ በታችም መሐንዲስ አይቶ ይፈርምበት።

አማካሪ መሐንዲሱ ፌሮውን (የአርማታውን ብረት) ሳይቆጥርና ሳይፈርም አርማታ እንደማይፈስ ሁሉም ያውቃል። እዚያው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር መጨመር ይቻላል፦ የፑንቴሎ ርቀትና ማረፊያ ታይቷል፣ የጠርዝ አጥር ቆሟል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ርቀት ተለክቷል። የመጨረሻው የተነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፌሮ 12 ሜትር ነው፣ ከበረንዳው አጠገብ የሚያልፈው ሽቦ ደግሞ 15 ሺህ ቮልት።