ይድረስ ለክቡር አቶ ማስያዣ፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ትናንት እርስዎን ፍለጋ ባንክ ሄጄ ነበር። ንግድ ፈቃድ፣ ክሊራንስ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉንም ይዤ። ወረፋውን አልነግርዎትም፤ እርስዎ ተሰልፈው አያውቁም። አምስት ሰዓት ላይ ተራዬ ደረሰ። የብድር ሠራተኛው ፋይሌን ሳይከፍት «ቤት ነው መኪና?» አለኝ።

«አራት የስፌት መኪና» አልኩት።

በጫጫታው መሃል «አራት» እና «መኪና» ብቻ ናቸው መሰል የደረሱት። ብድግ አለ። ወንበር ሳበልኝ። «አንቺ» ስባል ያረፈድኩት ሴትዮ «እርስዎ» ሆንኩ።

«ሊብሬያቸውን ይዘዋል?»

«ሊብሬ የላቸውም። ፔዳል ነው ያላቸው።»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ ነገረው። ከዚያ ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤ ከኋላዬ የቆመው ባለ ዳቦ ቤት ሳይቀር፣ የእሱ ሊጥ ማቡኪያ ሊብሬ ያለው ይመስል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንም ላምም ማስያዣ ይሆናል ይላል ብዬ ለብድር ሠራተኛው ብነግረው «እሱማ አለ» አለኝ። ዕንባውን ጠረገና ደግሞ መከረኝ፤ «እህቴ፣ ዕቁብ ብትገቢስ?»

ክቡር ሆይ፣ የሰፈራችን ዕቁብ ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 2 ሺህ ብር ያስረክበኛል። ካርታ አምጪ ያለኝ የለም። ብሩን የወሩ ዕጣ እስኪወጣ የማስቀምጠው እዚያው ባንክ ነው። እዚያ ያድርና በእርስዎ ዋስትና ለባለ ፎቅ ይወጣል።

የቆየውን ቂም አላነሳም። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስን «ጣሪያው ሞልቷል» ተባልኩ። ብድር እንኳ ጣሪያ አለው፤ የእኔ የቀበሌ ነው።

የመርካቶው ነጋዴ ጨርቅ በዱቤ ይሰጠኛል። ዋጋው ላይ ይጨምራል፣ ግን ይሰጠኛል። አምና የተማሪ ዩኒፎርም ትዕዛዝ መጣና ዱቤው አልበቃ አለ። አራጣ ገባሁ። ከመቶ አስር፣ በወር። ትምህርት ቤቱ ክፍያ አዘገየ። የእናቴን የጆሮ ወርቅ ሸጥኩ። እስካሁን የት ገባ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ዝም ብላ ጆሮዋን ትዳስሳለች። ያኔ የት ነበርክ? ባለ አራት ፎቁ አምስተኛውን ሲጨምር እዚያ ቆመህለት ነበር አይደል?

ይቅርታ፣ አንተ አልኩዎት።

ሰኞ ተመልሼ እመጣለሁ። የዕቁቡን ብር ላስገባ ነው። ለማስገባት እንኳ እርስዎ አይጠየቁም።

አክባሪዎ፣
የአራት መኪና ባለቤት