ከዋርካው ሥር ያለው አምልኮ ሞቷል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ከክርስትና በፊት የነበረው ጥንታዊ አምልኮ ሞቷል።» ደጋፊው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ የሚጽፉት ከሱሉልታ ነው። ተቃዋሚዋ የቡራዩ ነዋሪ ናት።

ከሱሉልታ፦ ትግራይ ውስጥ የሃ ላይ አልመቃህ ለተባለው ጥንታዊ አምላክ የታነጸው ቤተ መቅደስ ግድግዳው ቆሟል፤ አምልኮው ግን ጠፍቷል። የአክሱሙ ንጉሥ ኤዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን ማሕረም የተባለው አምላክ ልጅ ይል ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ግን በሳንቲሞቹ ላይ በጨረቃው ምትክ መስቀል አስቀረጸ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ አበቃ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ የምናየው አዲስ ድርሰት ነው። እዚህ ዋርካ ሥር የሚደረገውም የዚያው የጣዖት ዘመን ቅሪት ነው።

ከቡራዩ፦ «ያን ጊዜ አበቃ» አሉ መምህር? ሳንቲም በንጉሥ ትእዛዝ ይለወጣል፤ የሰው ልብ ግን? በሰፈራችን ዳር ያለው ዋርካ ግንዱ በቅቤ ወዝቷል። ሥሩ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል። ቅቤውን ከሚቀቡት መካከል እሑድ የሚያስቀድሱ አሉ። አይስላንድ ውስጥም የጥንቶቹን አማልክት የሚያከብር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት የመንግሥት እውቅና አግኝቷል።

ከሱሉልታ፦ አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ከተቋረጠ በኋላ ከመጻሕፍት የተለቀመ ሥርዓት ቀጣይነት አይባልም። የእንግሊዙ ጄራልድ ጋርድነርም ዊካ ስለተባለው አዲስ የጥንቆላ እምነት በይፋ የጻፈው ጥንቆላን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተሻረ በኋላ ነው። ቅቤው ደግሞ ልማድ ነው፣ እኅቴ።

ከቡራዩ፦ መጀመሪያ «አበቃ»፣ ቀጥሎ «ቅሪት»፣ አሁን «ልማድ»! የትኛውን ልያዝ? ልጇ የታመመባት እናት ሳይነጋ ቅቤ ይዛ የምትወጣው ለልማድ ነው? ደግሞስ የኦሮሞን ነባር እምነት የሚከተለው ዋቄፈታ የሚለምነው አንዱን ፈጣሪ፣ ዋቃን ነው፤ ኦዳውን፣ ማለትም ዛፉን፣ አያመልክም። ከአልመቃህ ጋር ማን ቀላቅሉ አለዎት?

ከሱሉልታ፦ ታሪክ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንደ ተማሪ አትጠይቂኝ። ዛፉን ቁረጡ አላልሁም።

ከቡራዩ፦ አላሉም። ነገር ግን የመንገድ ቀያሾች ግንዱ ላይ ቀይ ምልክት አድርገው ሄደዋል፤ «የሞተ ነገር ነው» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ለእነሱ ይመቻል።

ከሱሉልታ፦ መንገዱ ይዙር! ስለ ጥላውና ስለ ዕድሜው ዛፉ ይቁም። ቅቤውን ግን ለልጆቼ እምነት ነው ብዬ አላስተምርም።

ከቡራዩ፦ አያስተምሩ፤ ማንም አላስገደደዎትም። ይዙር ያሉትን ግን ለወረዳው በፊርማዎ ይጻፉልን።