ዳገት ላይ ብቻ የሚበቅል አበባ

የዱር አበባ የሚበቅለው ዳገት ላይ ብቻ ነው። ይህን የደረስኩበት ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ቁልቁለት ላይ አንድም አበባ አይቼ አላውቅም። ሜዳ ላይም አልፎ አልፎ ነው። የዳገቱ ወገብ ላይ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲልና ጉልበቴ ሲከዳኝ ግን ምድሪቱ በአበባ ትሸፈናለች።

ደከመኝ ብሎ መውረድ ነውር ነው፤ በተለይ ከጓደኛዬ ጋር። መሪው ላይ የገጠማት ቆጣሪ ካልመሰከረችለት መንዳቱን ራሱ የማያምን ሰው ነው። «አማካይ ፍጥነታችንን ገደልከው!» ይለኛል፣ የሥጋ ዘመዱን የገደልኩበት ይመስል። ስለዚህ ብስክሌቴን አጋድሜ መንገድ ዳር እንበረከካለሁ። «ቆይ እስቲ፣ ይቺን አበባ ልያት።» ደክሞት የቆመ ሰውና ሊመራመር የቆመ ሰው አተነፋፈሳቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በክብራቸው ነው።

ጣጣው የመጣው «ምን አበባ ናት?» ያለኝ ቀን ነው።

«ቢጫ» አልኩት።

አስተያየቱን ሳይ፣ ማረፌን ለመቀጠል መማር ግድ እንደሆነ ገባኝ። ስልኬ ላይ ተክል የሚለይ መተግበሪያ ጫንኩ። አበባዋን ብቻ ከላይ ሳነሣት ሦስት ስም ደርድሮ «አንዱን ምረጥ» ይለኛል። ምርጫውን የማውቅ ቢሆን ኖሮ ምን አስጠየቀኝ? ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ቅጠሉን፣ ግንዱንና የአበባዋን ጀርባ ጭምር ማሳየት ያስፈልጋል። ሰውንም ቢሆን በባርኔጣው ብቻ ለይ ቢሉን እንሳሳታለን።

ቢጫዋ ደግሞ ጉደኛ ናት። የሱፍ አበባ ዘመድ ነች፤ ይህ ቤተሰብ ከ20,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ቢጫ የሚለብሰውም ብዙ ነው። በጣቴ ፈልቀቅ ባደርጋት አንድ አበባ አይደለችም! መሃሏ ላይ ነጠብጣብ የመሰለው ሁሉ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው። ዳር ላይ ያሉት ቅጠል መሳዮችም እንዲሁ። አንድ ብዬ የሰላምታ እጄን የዘረጋሁት ለካስ ለሙሉ ጉባኤ ነው። ይህን ለጓደኛዬ ሳስረዳ ሰባት ደቂቃ አረፍኩ።

ግንድ በጣት ማሽከርከርም ተማርኩ። ክብ መሆኑ ቀርቶ አራት ማዕዘን ከሆነ የናና ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን አሸት አድርጎ ማሽተት ነው፤ ይህም ጥልቅ ትንፋሽ መሳብን ይጠይቃል፤ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው።

ሁሉን ግን አይዳስሱም። አንድ ቀን ነጭ፣ እንደ መለከት የተከፈተ አበባ አገኘን። ፍሬው እሾሃም ነው። «አስተናግር ነው፤ እንዳትቀምስ!» አልኩት። «መርዝ ነው፤ የቀመሰው ሰው ይቃዣል፣ ይለፈልፋል፤ ስሙም ይናገራል።»

«አንተ ግን መች ቀመስከው?» አለኝ።

ካወቅኳቸው ሁሉ ቤቴ ድረስ የተከተለኝ ጭጎጎት ብቻ ነው። ፍሬው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የሚይዙ ጥርሶች አሉት፤ የሳይንስ ስሙ «ቢደንስ» (Bidens) ራሱ «ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ዘሩን ሩቅ የሚያደርስለት እንስሳ ይፈልጋል፤ እኔን አገኘ። ቆጣሪ የለኝም፤ ስንት ጊዜ እንደተንበረከክሁ የምትመሰክርብኝ ካልሲዬ ናት። «ስፖርት ሠርተህ ነው ወይስ ተኝተህ?» የሚለው የቤት ምርመራ የሚጀመረው ከእሷ ነው።

ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ አራት ሜትር ያህል ይሸሻል። አበባ ለማየት የማይመች ፍጥነት ነው ብዬ ለጓደኛዬ ደጋግሜ ሰብኬዋለሁ። ሰምቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ግን ከወትሮው የባሰ ዳገት ገጠመን። እኔ ገና አበባዬን ሳልመርጥ ጓደኛዬ ወርዶ ተንበረከከ። እንደ ወናፍ ይተነፍሳል።

«ና እስቲ... ይሄ... ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ሣር ነው።»

«አያብብም?»

ሣርም ያብባል። አበባው ነፋስ ብቻ ስለሚበቃው ለንብ ብሎ አይኳኳልም፤ ላየው ሰው ኢምንት ነው። ይህን ሁሉ ልነግረው አስቤ ፊቱን አየሁት፤ ቲማቲም መስሏል።

«ያብባል» አልኩት አጠገቡ እየተቀመጥኩ፤ «ግን ብዙ መጠበቅ ይጠይቃል።»

ቆጣሪዋ ዜሮ ላይ ቆማለች። ዞር ብሎም አላያት።