ለማይሳሳተው የበረራ ሰዓት ማስያ፤ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አንተን አምኜ ከመንከራተቴ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤው የምስጋና ነው፤ አትደንግጥ። የሁለት ደሴቶች አየር ማረፊያ ስም ስሰጥህ ዓይንህን ሳታሽ ርቀቱንና ደቂቃውን ዱብ ታደርግልኛለህ። አሠራርህም ገብቶኛል። በምድር ክብ ገጽ ላይ አጭሩን መስመር ትስባለህ፣ ለጄት ፍጥነት ታካፍላለህ፣ ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ጣል ታደርጋለህ፤ አለቀ። ንፋስ የለ፣ ጉም የለ፣ ሰልፍ የለ። ምነው እኔም አንተ አገር በኖርኩ!

ስኮትላንድ ውስጥ ኦርክኒ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው በረራ፣ መደበኛ ፕሮግራም ካላቸው የዓለም በረራዎች ሁሉ አጭሩ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ አለ። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ የተያዘለት ጊዜ 2 ደቂቃ። ንፋሱ ሲመቻት ትንሿ አውሮፕላን በ53 ሰከንድ ደርሳ ታውቃለች። (ወንበሬን ለማስተካከል ከዚህ የበለጠ ይፈጅብኛል።) አንተ ግን 30 ደቂቃህን ካልጨመርክ ሞቼ እገኛለሁ ትላለህ። ሰውየው ወርዶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ተጋድሟል፤ አንተ ዘንድ ገና አየር ላይ ነው። ባለፕሮፔለሯ ጄት መሆኗን ማን ሹክ አለህ?

ሃዋይ ውስጥ ከሆኖሉሉ ማዊ ደሴት ላይ ወዳለው ካሁሉዊ ስጠይቅህ ደግሞ 87 አልከኝ። ቅርብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ በባሕር ማይል ነው! አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 160 ገደማ መሆኑ ነው። አየር መንገዶች ትኬት ላይ የሚጽፉት ጊዜ እንኳ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ ሌላው ጋ እስኪቆም ያለውን ሁሉ፣ መሬት ላይ የሚያዘግምበትን ጭምር ይቆጥራል። ፍተሻው፣ በሩ ላይ መገተሩ፣ ሻንጣ ጥበቃው ግን የማንም ሒሳብ ውስጥ የለም። ያ የእኔ ድርሻ ነው። እሺ።

ለመሰናበቻ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። የፓሲፊኳ ደሴት አገር ሳሞአ ዲሴምበር 30 ቀን 2011ን ዘላ፣ ቀን ከሚለወጥበት ከዓለም አቀፉ የቀን መስመር ማዶ ተሻግራለች። ጎረቤቷ አሜሪካን ሳሞአ ግን እዚያው ቀርታለች። ከሳሞአው ፋሌኦሎ አየር ማረፊያ እስከ አሜሪካን ሳሞአው ፓጎ ፓጎ 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቅዳሜ ጠዋት የተነሳ ሰው ዓርብ ጠዋት ይደርሳል። እስቲ መነሻውን ከመድረሻው ቀንስልኝ። ስመለስ የሚጠፋብኝን ቀንስ ከማን ልጠይቅ?

አክባሪህ፣
ሻንጣው ያልመጣለት መንገደኛ