ለእናት የሚወሰድ አበባ ያውዳል ወይ?

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ሰንብቼ ነበር። የምመለሰው ቅዳሜ ነው። ማግስቱ እሁድ ደግሞ በየስልኩ የእናቶች ቀን የሚባለው ቀን ነው። ቀይ ጽጌረዳ ፍቅር ነው፣ ነጭ ንጽሕና፣ ሮዝ ምስጋና፣ ቢጫ ወዳጅነት የሚል ዝርዝር ሁሉም ሰው ይቀባበላል። እኔም ልቤ ተነሳና አንድ እቅፍ ቀይ ጽጌረዳ ገዛሁ። ደሴ እስክገባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል አውቶቡስ ላይ ታቅፌው ነው የመጣሁት፤ ጣርማ በር ላይ ብርዱ፣ ሸዋሮቢት ላይ ሙቀቱ እንዳይጎዳው እየተሳቀቅኩ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ውሃ እያርከፈከፍኩ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ያን ቀን ግን ቤቴን አልፌ፣ ሀረጎን ወጥቼ በቀጥታ እናቴ ቤት ገባሁ።

እናቴ አበባውን ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝ። ከዚያ ወደ ፊቷ አስጠግታ ሳብ አደረገች። ደግማ ሳበች።

«ሆዴ፣ ሲያምር! ግን ዝም ብሏል እኮ።»

ቅር ብሏት አይደለም። የተሰማትን ነው የተናገረችው። በጠርሙስ ውሃ አድርጋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ ወርጄ አንድ እስር አደስ ገዛሁ። አስቤበት አልነበረም። ሴትየዋ ዘርግታ ተቀምጣ ሳልፍ ሽታው ያዘኝ። ቤት ስገባ እናቴ ገና ከፌስታሉ ሳላወጣው «አደስ ይዘሻል?» አለችኝ። ተቀብላ ቅጠሉን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና ፊቷ ላይ ይዛው ቆየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ስለ እናቷ ማውራት ጀመረች። ሰርጓ ሲደርስ አያቴ አደስ ወቅጣ፣ ከለጋ ቅቤ ጋር ለውሳ፣ ምድጃ ዳር አስቀምጣ እንዴት እንደቀባቻት፣ ቅቤው ቀልጦ አንገቷ ላይ ሲወርድ እንዴት ሁለቱም እንዳለቀሱ። እናቴን ይህን ሁሉ ዓመት አውቃታለሁ፣ ይህን ታሪክ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አምናለሁ። ለእናት አበባ ስንመርጥ ዓይናችንን ብቻ አምነን ነው የምንገዛው። አፍንጫዋን እንጠይቅ። በተለይ እዚህ ወሎ ውስጥ፣ ጭሱ፣ ቡናው፣ አሪቲው፣ ቅቤው የእናቶቻችን ሕይወት በሆነበት አገር።

ይህ የእናቴ ጠባይ ብቻ አይደለም። የምናየውና የምንሰማው ነገር አንጎላችን ውስጥ መጀመሪያ ታላመስ በሚባል ማከፋፈያ በኩል ያልፋል። ሽታ ግን ከአፍንጫ ተነስቶ ስሜትና ትዝታ ወደሚሠሩበት ክፍል በአቋራጭ ይገባል። ፎቶ አሳይታችኋት የማይመጣላት ነገር በአንዲት ቅጠል የሚመጣላት ለዚህ ነው።

የእናቶች ቀን የሚባለው በዓል አጀማመሩ ራሱ ይህንኑ ነው የሚናገረው። አና ጃርቪስ የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። እናቷ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1905 አረፈችባት፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1 ቀን 1897 መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግራፍተን ከተማ፣ እናቷ ስታገለግልበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ሲደረግ 500 ነጭ ካርኔሽን ላከች። ለምን ካርኔሽን? እናቷ የምትወደው አበባ ስለነበረ ነው። የትኛው ቀለም ምን ማለት ነው የሚል ዝርዝር አላገላበጠችም። እናቷን ታውቅ ነበር፣ በቃ። ትርጉሙን የሰጠችው በኋላ ነው፤ ካርኔሽን ሲደርቅ የአበባ ቅጠሉን እንደ ሌላው አያረግፍም፣ እንደታቀፈ ነው የሚሞተው፣ እናትም ልጇን እንደዚያ ናት ብላ። ደግሞ የድሮው ካርኔሽን ሽታው ቅርንፉድን ይመስላል። ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያደርገው ዩጀኖል የሚባለው ዘይት እሱም ውስጥ አለ። እናቶቻችን አደስ ሲወቅጡ ጣል የሚያደርጉት ያው ቅርንፉድ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1914 ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ቀኑን በሜይ ወር ሁለተኛው እሁድ እንዲሆን አወጁት። ከዚያ የአበባ ነጋዴው፣ የካርዱ፣ የቸኮላቱ ነጋዴ ተረባረበበት። እናቱ በሕይወት ያለች ቀይ ወይም ሮዝ፣ እናቱ የሞተችበት ነጭ አበባ ያድርግ የሚለው ልማድም መጣ። ጃርቪስ የሠራችው በዓል ገበያ ሲሆንባት ቀሪ ዕድሜዋን ስትከራከር ኖረች። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እኔ አበባ አትግዙ አልልም። ግን ያቺ ሴት የታገለችለትን ነገር እኛ ከስልክ ላይ ባየነው ዝርዝር ብቻ መተካታችን ያሳዝነኛል።

ጽጌረዳዬ ለምን ዝም አለ? ይህን ጠይቄ መልሱን ሳገኝ ገረመኝ። እነ ሆለታና ዝዋይ የሚበቅለው ጽጌረዳ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ነው። ጠንካራ ግንድ፣ ረጅም ዕድሜ፣ አውሮፕላን ላይ የማይሰበር አበባ ነው የሚፈለገው። አርቢዎቹ ትውልድ በትውልድ እሱን ሲመርጡ መዓዛው ከእጃቸው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ጽጌረዳ ሽታዋን ለመሥራት የምትጠቀምበት አንድ ኤንዛይም አለ፤ መዓዛ በሌላቸው ዝርያዎች ላይ እሱ እጅግ ደክሞ ነው የተገኘው። እናቴ በአንድ ትንፋሽ ያወቀችው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ፒያሳ ሱቁ ሁሉ የሞላው የፕላስቲክ አበባማ ምንም ማለት አልፈልግም፤ አቧራ ጠራጊዋ ራሷ እናታችን ናት።

ሽታ ያላት ጽጌረዳ ደግሞ አጠገባችን አለች። ቀጋ። ልጅ እያለን ቀይ ፍሬዋን ከአጥር ላይ እየለቀምን፣ እሾህዋ እጃችንን እየቦጨረን የበላናት ቀጋ ጽጌረዳ ናት፤ ሳይንሱም በኢትዮጵያ ስም ነው የሚጠራት። ነጭ አበባዋ በጠዋት ያውዳል። ቆርጦ ለመውሰድ ግን አትሆንም፣ ወዲያው ትረግፋለች። እናታችሁ ግቢ ካላት ችግኝ ተክሉላት። ወይ ጠምበለል ትከሉላት፤ ነጭ ናት፣ አጥር ላይ ትወጣለች፣ ስትፈነዳ ግቢው በሙሉ ይለወጣል። ግቢ የሌላት እናት በአሮጌ ድስት ሪሃን ወይም አሪቲ ተተክሎ በረንዳዋ ላይ ቢቀመጥላት ባለፈች ባገደመች ቁጥር እጇ ይነካዋል። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ሪሃን ሙቀት ይወዳል፣ ለደሴ እናት ከሆነ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ጋ አድርጉት።

ስለ ሪሃን ካነሳሁ አይቀር፣ ሪሃን የቀረበለት ሰው እንዳይመልሰው፣ ለመሸከም ቀላል፣ ሽታውም መልካም ስለሆነ የሚል ሐዲስ አለ። ለእናት ስጦታ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። ቀላል ይሁን፣ መልካም ይሽተት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብለው ነው የሚይዙት፤ እመቤታቸውን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ሲያመሰግኑ ያድራሉ። እናትንና አበባን አንድ ላይ ማንሳት ከኢንተርኔት የመጣብን ነገር አይደለም።

ወደ ስጦታው ልመለስ። የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ቅቤ ነው፣ ግን ቅቤውን ብቻ ሰጥቶ መሄድ አይደለም። ለጋ ቅቤ ግዙ፣ ባለሙያ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ ገበያ ላይ የተቀላቀለ አለ። አደሱ ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነ፣ ሲያሹት ወዲያው የሚሸት ይሁን። ከጥቂት ቅርንፉድ ጋር ወቅጣችሁ ለውሱት። ከዚያ እናታችሁን አረፍ አድርጋችሁ ሻሿን ፈትታችሁ ቀቧት። እኔ ይህን ሳደርግ የእናቴን ራስ ስነካ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። እሷ የእኔን ስንት ሺህ ጊዜ ሠርታዋለች። ጸጉሯ ሳስቷል። ሽበቱ በዝቷል። ዝም ብዬ ቀባኋት፣ እሷም ዝም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ወንዶች ልጆች ይህን ማድረግ ካፈራችሁ አደሱንና ቅቤውን አምጡ፣ እህታችሁ ወይ ሚስታችሁ ትቅባት፣ እናንተ አጠገቧ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ወይባ ነው። ጭስ የምትሞቅ እናት ካለቻችሁ የወይባ እንጨት ይዞ መሄድ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ከተማ ውስጥ ጥሩውን ፈልጎ ማግኘት ያደክማል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ተሸክሞ መምጣቱ አይሆንላትም። ሉባንጃ፣ እጣንና ከርቤ ከቡናው ጋር የሚሄዱ ናቸው። የትኛውን እንደምትወድ ጠይቁ፣ አንዷ ከርቤ ካልሆነ የምትል አለች፣ ሌላዋን ከርቤ ራሷን ያማታል። አስም ያለባት እናት ግን ጭስ አትውሰዱላት፤ አሪቲ ወይም አደስ ይበቃታል። ለጭሱም ለቡናውም የሚቀጣጠለው ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ በተለይ በደሴ ክረምት በር ዘግቶ መሞቅ ስለሚያምር በዚህ ላይ እባካችሁ አትቀልዱ። መስኮት ይከፈት።

ሽቶ ከሆነ የምትገዙት፣ ጠርሙሱን አትዩ። ለሶላት ስትዘጋጅ የምትቀባው ካለ እሱኑ አምጡላት። የጨረሰችውን ጠርሙስ ወርውራ አትጥልም፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ልብስ መሐል ታገኙታላችሁ። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽቱት፣ የምትገዙት እሱን ነው።

ስለ ቀኑ ደግሞ ብዙ አንጨነቅ። ሁለተኛው የሜይ እሁድ ሁልጊዜ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ውስጥ ነው የሚውለው፤ ግንቦት 1 ልደታ ናት። እኛ ሰፈር ልደታ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን ይዞ ዛፍ ስር ይወጣል፣ የሚጠራው የሃይማኖት ወዳጅ ብቻ አይደለም። ያ ሳምንት ከተመቻችሁ ያው። ካልተመቻችሁ ተራ ማክሰኞ ሂዱ።

እናታችሁ በሕይወት የሌለች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተ ነጭ ካርኔሽን አልልም። እናታችሁ ትወደው የነበረውን ሽታ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ጠዋት አጭሱት። ከዚያ ዱዓ አድርጉላት፣ ወይ ስሟን ጠርታችሁ ጸልዩላት። እሷ ከምትወዳቸው ጓደኞች አንዷ በሕይወት ካለች አንድ እስር አደስ ይዛችሁ ቤቷ ሂዱ።

የዚያን ሰኞ ከሰዓት እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤቶቿ መጡ። ጽጌረዳው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር፣ ሁሉም ያምራል አሉት። አደሱን ግን እናቴ ራሷ አንስታ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘለላ ቆረጠችላቸው፣ «ልጄ ናት ያመጣችልኝ» እያለች። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አለቀ። ሲሄዱ አንደኛዋ እትዬ ዘለላዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች፣ ሌላዋ ሻሿ ስር ሻጥ አደረገች። እናቴ የቀረውን ትራሷ ስር አድርጋ ተኛች።