መኪና ቤታችንን አፈረሰ፤ ደጅ የምንጠናው ግን እኛ ነን

መኪና ኖሮን አያውቅም። ከየትኛውም የመድን ድርጅት ጋር ውል ገብተን፣ ዓረቦን ከፍለን አናውቅም። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት ጠጠር የጫነ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት የግቢያችንን አጥር ጥሶ የእናቴን ሳሎን ከመታ ወዲህ፣ እኛ ያልመረጥነው አንድ የመድን ድርጅት በቤታችን ላይ አዛዥ ሆኗል። ፍርስራሹን መቼ እንደምናነሣ፣ መቼ እንደምንጠግን፣ የትኛው ግድግዳ ተጎድቷል፣ የትኛው ደግሞ ድሮም የተሰነጠቀ ነው እንደሚባል የሚወስነው እርሱ ነው። የድርጅቱን ስም የማልጠራው ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለሚገኝ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ አንድም ቀን ክርክር ተነሥቶ እንደማያውቅ አስቀድሜ ልናገር። ትራፊክ ፖሊስ ወዲያውኑ መጥቶ ፕላን አንሥቷል፤ ሹፌሩ የሆነውን ሳይደብቅ ተናግሯል፤ መኪናውም ጊዜው ያላለፈበት የሦስተኛ ወገን መድን በመስታወቱ ላይ ተለጥፎበት ነበር። እናቴ በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ ስለነበረች እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ሶፋ በብሎኬት ተቀብሮ ነበር። እንግዲህ ጥፋተኛው የታወቀ፣ መድኑ ያለ፣ ጉዳቱም መንገድ ላይ ቆሞ የሚታይ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ዓመት አልፎት የማያልቅበት ምክንያት ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት መልስ አንድ ነው፦ መጓተቱ ለድርጅቱ ይጠቅመዋል።

የመኪናው ባለቤት ስንደውልላቸው "ኢንሹራንስ አለኝ፣ ወደ እነሱ ሂዱ" አሉን። ወደ ድርጅቱ ስንሄድ "ደንበኛችን መጥተው የአደጋ ማስታወቂያ ቅጽ ካልሞሉ ፋይል አይከፈትም፤ ከእሳቸው ጋር ጨርሱ" ተባልን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን በግልጽ ስለሚደነግግ፣ ባለቤቱ በስልክ ብቻ ከጉዳዩ ሊወጡ እንደማይችሉ አስረድተን፣ ሽማግሌም ልከን፣ ከብዙ ልመና በኋላ ቅጹን ሞሉ።

ከሁሉ ያንገበገበን ግን "ገማቻችን መጥቶ እስኪያየው ድረስ ምንም ነገር እንዳትነኩ" የሚለው ትእዛዝ ነው። ለምን እንደሚባል ይገባኛል፤ ጉዳቱን ሳያይ የሚከፍል ድርጅት የለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ አካል የሚመጣበትን ቀን አብሮ መናገር ይገባዋል። የፈረሰው ብሎኬት ግማሹ ግቢ ውስጥ፣ ግማሹ የእግረኛ መንገድ ላይ ነበር። የወረዳው ደንብ አስከባሪዎች መንገዱን ካልለቀቃችሁ እንቀጣችኋለን አሉን፤ ይህንኑ ለካሳ ክፍሉ በስልክ ስናገር ደግሞ "ካነሣችሁት ማስረጃ እንዳጠፋችሁ ይቆጠራል" ተባልኩ። የተባልኩትን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ብጠይቅ ፈቃደኛ አልሆኑም። በመጨረሻ ጎረቤቶቻችን መንገድ ላይ የነበረውን ብሎኬት እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ አስገብተው ደረደሩልን። አጥርና በር በሌለው ግቢ እናቴን ብቻዋን ማሳደር ስለማይቻል ወንድሜ ማታ ማታ በረንዳው ላይ እያደረ ይጠብቅ ጀመር።

ከዚያ ክረምት ገባ። ቤታችን አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ በብሎኬት የታደሰው ከመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ ነበር። የሽሮ ሜዳን ክረምት የሚያውቅ ሰው ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ክፍት የሆነ ቤትን ምን እንደሚያደርገው ሊነገረው አያስፈልግም። ቀዳዳውን በሸራ ሸፈንነው፤ ንፋሱ በየሌሊቱ ሸራውን ይገነጥለዋል። ውኃው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ እየሰረገ ምርጉን አላላው፤ አንድ ጠዋት ስንነሣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ምርግ ከነጭዱ ወርዶ ማገሩ አግጥጦ አገኘነው። በየጊዜው እየደወልን ተናገርን። "ገማቹ ፊልድ ወጥቷል"፣ "መኪና የለም"፣ "ፋይሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው" የሚሉ መልሶች ብቻ ነበር የምንሰማው።

ገማቹ የመጣው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ግቢው ጭቃ ስለነበር ከመግቢያው አካባቢ ሆኖ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ አጥሩን በሜትር ለካ፤ የተጣመመውን የብረት በር መዘገበ። ሳሎኑን እንዲያይ ስለምነው ከደጅ አንገቱን አስግጎ ተመለከተና "ይሄ የዝናብ ነው፤ እኛ የምንከፍለው መኪናው ያደረሰውን ብቻ ነው" አለኝ። አትንኩ ብሎ እጃችንን ያሰረን ድርጅት፣ ባለመንካታችን የመጣውን ጉዳት የራሳችሁ ነው አለን። በጣራውና በመስኮቱ መካከል የወረደውን ትልቅ ስንጥቅ ደግሞ ቤቱ አሮጌ በመሆኑ ከአደጋው በፊት የነበረ ሊሆን እንደሚችል ጻፈበት። የቆየ ስንጥቅ ጥቀርሻና የሸረሪት ድር ይይዛል፤ የዚህኛው ጠርዝ ግን ቀለሙ ገና የተሰበረ፣ ስል ሆኖ በጣት የሚዳሰስ ነበር። ቀርቦ ቢያየው አይጠፋውም ነበር።

ቀጥሎ የወረቀት ነገር መጣ። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጽፈው ቢሰጡን ምንም ቅር ባላለን፤ ነገር ግን አንዱን ስናቀርብ ሌላው ይጠየቃል። ካርታው በሟች አባቴ ስም ስለሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አምጡ ተባልን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ፋይሉ በተከፈተበት ዕለት ሊነገረን ሲገባ ከወራት በኋላ ነው የተጠየቅነው። ለብሎኬት፣ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ፕሮፎርማ ሰበሰብን፤ የሲሚንቶ ዋጋ በየጊዜው በሚያሻቅብበት በዚያ ወቅት ፋይሉ ታይቶ እስኪመለስ ድረስ የፕሮፎርማዎቹ ጊዜ አለፈና እንደገና አሰባስቡ ተባልን። የግንበኛና የመራጊ የእጅ ዋጋ ደግሞ ቲን ቁጥር ካለው ድርጅት ደረሰኝ ካልቀረበበት በስተቀር አይያዝም አሉን። በሰፈራችን ጭቃ የሚመርግ ባለሙያ ደረሰኝ የሚቆርጥ አይደለም። እንዲህ ያለ መስፈርት በደሃ ቤት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከነአካቴው ከካሳ ውጪ የሚያደርግ በመሆኑ በጽኑ እቃወመዋለሁ።

በመጨረሻ የቀረበልን ገንዘብ አጥሩን እንኳ በቅጡ የማያቆም ነበር። ከተገመተው ላይ "የእርጅና ተቀናሽ" በሚል ብዙ ተቀንሶበታል። ለመኪና ዕቃ የተለመደውን አሠራር ወስደው በአጥር ግንብ ላይ ሠርተውበታል ማለት ነው። እናቴ አጥሯን ልሽጥ አላለችም፤ መልሳ ልታቆመው ነው የምትፈልገው፤ ለአሮጌ አጥር ተብሎም በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሲሚንቶ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል።

የሕጉ ጣሪያም ራሱን የቻለ ችግር ነው። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ይሠራበት በነበረው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት፣ መድን ሰጪው ለንብረት ጉዳት የሚከፍለው ቢበዛ 100,000 ብር ነው። ይኸው አዋጅ ለሰው ሞት ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር ነበር፤ ይህን ሳነብ ስለ ግድግዳ ማውራቴን አቁሜ ሶፋውን ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። ያም ሆነ ይህ ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ከመኪናው ባለቤት ላይ ይጠየቃል። ድርጅቱ ቼኩን ከመስጠቱ በፊት የሚያስፈርመው ቅጽ ግን "ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ፤ በመድን ድርጅቱም ሆነ በመኪናው ባለቤት ላይ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ነው። ክረምት ሙሉ በሸራ ሥር ያደረች አንዲት አሮጊት ብር ሲታያት ያንን ወረቀት አንብባ ትፈርማለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ለእናቴ "እማማ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ" ብለው ነው የሰጧት። አልፈረመችም።

መጓተቱ ይጠቅማቸዋል ያልኩት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ጊዜ በሄደ ቁጥር የገንዘቡ አቅም ይደክማል፤ የተጎዳው ሰው ተበድሮ ይጠግንና ማስረጃው ይጠፋል፤ ካልጠገነም ጉዳቱ ይባባስና የዝናብ ነው ይባላል። ከዚህም በላይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። "በሂደት ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሡ" እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያው ከሁለት ዓመቱ ላይ የሚቀነስ መሆኑን ለእናቴ የነገራት የካሳ ሠራተኛ አልነበረም። የነገረን አንድ የሰፈራችን ጠበቃ ነው።

የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ገማች የሚመጣበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ የሚፈለገው ሰነድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በዝርዝር እንዲሰጥ፣ "አትንኩ" የሚል ትእዛዝ የሰጠ ድርጅት በዚያ ምክንያት ለተባባሰው ጉዳት እንዲከፍል ማስገደድ ለአንድ ተቆጣጣሪ አካል ከባድ ሥራ አይመስለኝም።

እኛ የይርጋው ጊዜ ሳያልፍ በመኪናው ባለቤትና በድርጅቱ ላይ በአንድነት ክስ መሥርተናል፤ የዳኝነቱን ክፍያም ተበድረን ከፍለናል። ድርጅቱ ባቀረበው መልስ ከሳሾች ቤታቸውን በጊዜው ባለመጠገናቸው ጉዳቱ እንዲባባስ አድርገዋል ሲል ተከራክሯል። "እንዳትነኩ" ያሉን በስልክ ብቻ ስለሆነ በእጃችን የጽሑፍ ማስረጃ የለንም። ስለዚህ ከመድን ድርጅት ይህንኑ ትእዛዝ በደብዳቤ ወይም በቴክስት የተቀበላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ አሠራሩ የተለመደ መሆኑን ለማስረዳት ስለሚጠቅመን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።